ሦስተኛው ማንኪያ

ቀዝቃዛ የፕላስቲክ ኩባያ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ጆሮ ግንዴ ሞቅ ይለኛል። የተጸጸትኩ እንዳይመስላችሁ፤ አልተጸጸትኩም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ስሜት ነው። አንገቴ ሳላዘው ቀና ይላል፣ የሚጠይቀኝ ካለ ይምጣ የሚል ይመስላል።

ባለፈው ማክሰኞም እንዲሁ ሆንኩ። ከምሠራበት ፋርማሲ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ካለው የድሮ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቁ ዛሬ ሁለት በር ሆኗል፣ መብራቱም እንደ ሆስፒታል ነጭ ሆኗል። ሽታው ግን ያው ነው፤ የልብስ ሳሙና፣ የበሰለ ሙዝና አዲስ ላስቲክ የተደባለቁበት። ፍሪጁ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን፣ ኮክ የተሳለባቸው የእርጎ ኩባያዎች ተደርድረዋል። አንዱን አነሳሁና በሙያ ልማድ መጀመሪያ የማብቂያ ቀኑን አነበብኩ። ቀጥዬ ደግሞ የዕለቱን ቀን አሰብኩ። ጥቅምት ነው፣ ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለም። ይህን ሳላረጋግጥ እርጎ ከፍቼ አላውቅም፤ ከአንድ ቀን በቀር።

ያቺን አንድ ቀን ልንገራችሁ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩበት ቤት ከአምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ነው። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበር። ድምፁ ሸጋ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን ከድምፁ ይልቅ የማስታውሰው ጣቶቹን ነው። ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ስለነበር የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለደብሩ የሚያወጣው እሱ ነው። ጳጉሜን ላይ በራፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው፣ የበዓላቱን ቀን ማውጫ ቁጥሮች፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ በጣቶቹ አንጓ ላይ ይቆጥራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ፣ ነነዌ በዚህ ቀን ትገባለች፣ ዐቢይ ጾም በዚህ ቀን፣ ትንሣኤ በዚህ ቀን እያለ ለሕዝቡ ያውጃል። ያን የሰማ ገበሬ በዓመቱ መካከል ቀኑ ሲጠፋው ወደ ቤታችን ይመጣና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራል። "አያ መሪጌታ! ነነዌ መቼ ናት ያሉን?"

የመሪጌታ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ያልሆነው ሰው አያውቀውም። ሌላው ልጅ ሲሮጥ ልጅ ነው የሮጠው፤ እኔ ስሮጥ የመሪጌታ ልጅ ነች የሮጠችው። ነጠላዬ ከራሴ ቢንሸራተት ሦስት ሴቶች ያስተካክሉልኛል። ሳቄ ከፍ ካለ እናቴ ማታውኑ ትሰማዋለች። ለትምህርት ጎንደር ስመጣ ደስ ያሰኘኝ ቤተ መንግሥቱም፣ አስፋልቱም አልነበረም። በመንገድ ላይ መቶ ሰው አልፎኝ አንዱም የማን ልጅ እንደሆንኩ አለማወቁ ነበር።

አመጣጤም በዋዛ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ጎንደር የምትኖረው የአባቴ ታናሽ እህት፣ "አያ፣ እኔ ዘንድ ትቀመጥ፤ እዚህ ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት አለ" ብላ ላከች። የደብሩ ሽማግሎች ሴት ልጅ ለከተማ አትሰጥም፣ ትበላሻለች አሉ። አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ "ጾምሽን ይዘሽ ሂጂ" አለኝ። "እሱን የጣልሽ ቀን ልብስሽን ሰብስበሽ ትመለሻለሽ።" እሺ አልኩ። በዚያ ዕድሜ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ጥር ወደ ማለቂያው ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ደረሰ። አክስቴ ቅዳሜ ዕለት ለሠርግ ወደ አይከል ሄደች፤ ሰኞ እመለሳለሁ ብላ የቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝ። እሑድን ቤት ዘግቼ ፊዚክስ ሳጠና ዋልኩ፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ካህኑ ነገ ነነዌ ትገባለች ሲል እሰማ ነበር፣ የምነግራችሁም ነገር አይኖረኝም ነበር። ነነዌ መቼም ሦስት ቀን ናት፤ ሰኞ ገብታ ረቡዕ ትወጣለች፤ ቀኗም በየዓመቱ ይዞራል። ረቡዕንና ዓርብን ማንም አይረሳም፣ ሆድም ራሱ ያውቃቸዋል። ሰኞን ግን ማን ጾም ብሎ ይጠረጥረዋል? አባቴ በቅዱስ ዮሐንስ ሲያውጅ ከፊቱ ቆሜ ሰምቻለሁ። ግን ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ ስንት ፎርሙላ በላዩ ላይ ተከምሮበታል!

ሰኞ ጠዋት አርፍጄ ተነሳሁና ቁርስ ሳልቀምስ ሮጬ ፈተና ገባሁ። ስድስት ሰዓት አልፎ ስወጣ ዓይኔ ብዥ ይል ነበር። ሳስበው ይገርመኛል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ሳላውቀው፣ እንደ ደንቡ እየጾምኩ ነበር።

አክስቴ ሳሙና እንድገዛ አዝዛኝ ስለነበር ወደዚያ ሱቅ ገባሁ። መልሱ ያንቺ ነው ብላኛለች። ባለ ሱቁ ሽበታቸው ከነጭ ቆባቸው ሥር ብቅ ያለ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ባለ መስታወት ፍሪጅ አስገብተው ነበር። ውስጡ መብራት አለው፣ እንደ ንብ ቀፎም እም እም ይላል። ከመብራቱ ሥር ወተት አለ፣ ቅቤ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ኮክ፣ ከነቅጠሉ፣ የተሳለባት ትንሽ ኩባያ አለች። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። የኮክ እርጎ ይላል።

አሳቀኝ። ለምን እንዳሳቀኝ ለመረዳት የእኛን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ከደብሩ አጥር ጥግ አንድ የኮክ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ጠንካራ፣ ጉንጩ ብቻ ቀላ ያለ ነው። የሚደርሰው በፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ ይጾማል፤ ወተቱ ዓይናችን እያየ ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ እኛ ኮክ በኪሳችን ሞልተን በዝናብ እንዞራለን። ኮክ ለእኔ የጾም ጣዕም ነው። እርጎ ደግሞ የፍስክ ነው። እናቴ በወይራ ጭስ ባጠነችው ቅል የምታረጋው እርጎ ይኮመጥጣል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ከላዩ ላይ ቅቤው ዓይን ዓይን ያወጣል። ሁለቱ በዓመት ውስጥ በአንድ ማዕድ ተገናኝተው አያውቁም። እርጎ ይጣፍጣል እንጂ ስኳር ይገባበታል ብሎ የነገረኝም ሰው አልነበረም። የትኛው ደፋር ነው በአንድ ኩባያ ያገናኛቸው አልኩና በሳሙናው መልስ ገዛኋት።

ሐጂ ክዳኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማንኪያ አላቀው ሰጡኝ። ሚዛኑ አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። መልኩ የማለዳ ሰማይ መሳይ ብጫ ነበር። የመጀመሪያው ማንኪያ ጥርሴን ብቻ አቀዘቀዘው፤ ጣዕሙን አልያዝኩትም። በሁለተኛው ስኳሩ መጣ፣ ከስኳሩ ኋላ ደግሞ እርጎው በትንሹ ኮምጠጥ አለ። ሦስተኛው ላይ አንዲት የኮክ ቁራጭ ምላሴ ላይ ወደቀች፤ የእኛ ቤት ኮክ፣ የዝናቡ፣ የኪሱ፣ ግን በእርጎ ውስጥ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ልጄ" አሉኝ ሐጂ። "ዛሬ እናንተ ጾም አይደላችሁም እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ወተት የሚጠይቀኝ ጠፍቷል።"

ክው አልኩ። ሰኞ፣ ጥር፣ የአባቴ ድምፅ ዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ማንኪያው ገና አፌ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ የቆመችውን ሴት ያየኋት። የአገሬ ሰው ናት፤ ከእናቴ ጋር ማኅበር የምትጠጣ፤ ዓይኗን ልትታከም ከተማ መጥታለች። የታመመውን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ በደኅናው ታየኛለች።

"ምነው?" አለች። "የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም?"

እነሆ፣ ጎንደር ድረስ ተከትሎኝ መጣ። በዚያች ሰዓት ኩባያውን አስቀምጬ "ወይኔ፣ ረስቼ ነው" ብል ኖሮ እንደ ማንኛውም ስሕተት ይታለፍልኝ ነበር። ሴትዮዋ ራሷ ከንፈሯን መጥጣ እግዜር ይቅር ይበልሽ ትለኝ ነበር። አልኩ እንዴ? አላልኩም። ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ "አውቃለሁ" አልኩና አራተኛውን ጎረስኩ። ከዚያ አምስተኛውን። ፍሪጁ እም እም ይላል። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ያልተዛባውን ሳሙና ያስተካክላሉ። እኔ ታቹን እስክጠርግ በላሁ፣ ማንኪያውንም ላስኩት።

በእግዚአብሔር ላይ አምጼ አልነበረም፤ ይህንን ያኔም አውቀው ነበር፣ ዛሬም አውቀዋለሁ። ያመጽኩት በዚያች በተገለጠች አንድ ዓይን ላይ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ መናገር የሚያሳፍር ቢሆንም እናገረዋለሁ። ጣፍጦኝ ነበር።

ከሱቁ ወጣሁ። ጀግንነቱ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ኖሯል። አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ፀሐዩ ግንባሬን እየመታኝ፣ ትምህርቴ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ፤ ነጩ የላብራቶሪ ጋዋን፣ የመስታወቱ ቱቦ፣ ሁሉም። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አምባ ጊዮርጊስ ገባ። ሐሙስ ዕለት አባቴ በሰው ስልክ ለአክስቴ ደወለና ሁለት ነገር ብቻ ተናግሮ ዘጋ። "ፈተናዋን ስትጨርስ ትምጣ። ልብሷን ይዛ ትምጣ።"

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብሴን ስታጥፍልኝ አየኋት። ተቆጥታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ዕለትም አልተቆጣችም።

"ረሳሁ በይው" አለችኝ። "ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ። ረሳሁ፣ በቃ። እኔም መልሼ ደውዬ ረስታ ነው ብየዋለሁ።"

"አውቃለሁ ስል ሴትዮዋ ሰምታኛለች።"

"ደንግጬ ነው በይ። ደግሞ ግማሹ እውነት ነው፤ ረስተሽ አይደለም የጀመርሽው? ስለ ስድስት ማንኪያ ብለሽ ትምህርትሽን ልታጪ ነው?"

"ስምንት ነው" አልኳት።

ቅዳሜ ማለዳ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወለቃን ስናልፍ መንገድ ዳር የተደረደሩት የሸክላ ሥራዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያ በላይ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮቱ እየገባ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ያቺን አንድ ቃል ተለማመድኩ፤ ረሳሁ፣ ረሳሁ፣ ረሳሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወርጄ በእግሬ ስሄድም ከርምጃዬ ጋር እያስማማሁ አልኳት። ቤት ስደርስ ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ነበር።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የቤታችን የንስሐ አባት፣ ሽማግሌ ቄስ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። እናቴ ከምሰሶው ጋር ቆማለች። ጉልበት ስሜ ስነሳ አባቴ ፊቴን አየ። ያን ያህል አርጅቶ አይቼው አላውቅም፤ ወሬው ከደረሰው ወዲህ አልተኛም ነበር።

"አክስትሽ ረስታ ነው ብላኛለች" አለ። "ረስተሽ ነው?"

ቃሏን ላወጣት አፌን ከፈትኩ። ግን የአባቴን ጣቶች አየኋቸው። ሲያሰላ እንደሚያደርገው አውራ ጣቱን የሌባ ጣቱ አንጓ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ያን ጣት በተሳሳተ ቁጥር ማስጀመር አቃተኝ።

"ስጀምር ረስቼ ነው" አልኩ።

"ስትጨርሽስ?"

"ስጨርስ አውቄ ነው።"

እናቴ "ወይኔ ልጄን" ብላ ደረቷን ያዘች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ስንተኛው ማንኪያ ላይ ነው ያወቅሽው?"

"ሦስተኛው ላይ።"

"ከዚያ ወዲያስ ስንት ጎረስሽ?"

"ስምንት።"

አውራ ጣቱ ከአንጓ አንጓ ተሻገረ፤ በእርግጥ ቆጠረው። "ሦስቱ ስሕተት ናቸው" አለ። "ስምንቱ ያንቺ ናቸው።"

"አዎ፣ የእኔ ናቸው" አልኩ።

"ምነው? ሦስተኛው ላይ ማቆም ምን ከለከለሽ?"

"ጣፈጠኝ። ደግሞ ሴትዮዋ አየችኝ።"

"ሴት ስላየችሽ ትበያለሽ? እግዜርስ አያይሽም ነበር?"

"እግዜር እንደዚያ አያይም" አልኩት።

ውጭ ዶሮ እየጫረ ነበር። በጥፊ ይመታኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ አባቴ ተነስቶ መቋሚያውን አነሳና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እስኪርቅ ድረስ መቋሚያው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማን ነበር። ቄሱ ለእኔ ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ሦስት ቀን በጾምና በስግደት፣ ነነዌን እንደገና። ትምህርቴን በተመለከተ ግን "እሱ የአባትሽ ነው" ብለው ወጡ።

ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንቀር ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የምትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር።

"የእኔን ያህል ይጣፍጣል?" አለችኝ።

"የአንቺን አይተካም እማዬ። ሌላ ነው።"

"ጭስ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ምኑ ነው እርጎነቱ" አለችና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ አልተበተነም። ሁሉም የሚጠብቀውን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከሴቶቹ መካከል ቆሜ የነጠላዬን ጥለት እቆጥራለሁ፤ ያቺ ባለ አንድ ዓይን ሴት ከፊቴ ናት። አባቴ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጥቶ ዐቢይ ጾም ከነገ ሳምንት ሰኞ እንደሚገባ አወጀ። ከሽማግሎቹ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አያ መሪጌታ" አለ፤ "ለእኛ ቀን ያወጡልናል፤ ከቤትዎ የወጣች ልጅ ግን ነነዌን ከተማ መካከል በእርጎ ዋለቻት ይባላል። እንግዲህ ልጅቱን ወደ ቤቷ መመለስ ነው እንጂ ምን ይጠበቃል?"

አባቴ መቋሚያውን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እውነት ነው፣ ሽራለች" አለ። "ጠይቄያታለሁ፣ ሳትዋሽ ነግራኛለች። ቀኖናዋንም ተቀብላለች። እኔ ደግሞ ለእናንተ ሁሉ ቀኑን ስናገር ለልጄ ሰው አልላክሁላትም። ስለዚህ ሦስቱን ቀን አብሬያት እሰግዳለሁ።"

"ትምህርቱስ?" አለ ሰውዬው።

"የሻረችው ጾም ነው" አለ አባቴ። "ትምህርቷን አልሻረችም። ትመለሳለች።"

ከዚያ ወርዶ በመካከላችን አለፈ። ሴትዮዋ ዞር ብላ ልታየኝ ስትሞክር እኔ ቀና ብዬ ጠበቅኋት፤ ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት። ይህንን ስናገር እስከ ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ስለነበር ሦስቱን ቀን እዚያው ቆየሁ። ከማለዳው ጤዛ ጀምሮ ከደብሩ አጥር ሥር፣ ከኮኩ ዛፍ አጠገብ፣ ጎን ለጎን እንሰግዳለን። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሳልቆጥረው ወርጄ እነሳለሁ። እሱ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ሲነሳ መሬቱን በመዳፉ ገፍቶ ነው። አባዬ አንተ ይብቃህ ብለው አይሰማኝም። በሁለተኛው ቀን ግንባሩ ላይ አፈር ተለጥፎ ሳየው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለስምንቱ ማንኪያ አላለቀስኩም፤ ለእነሱ ሰግጃለሁ፣ ሒሳባቸው ተዘግቷል። ያለቀስኩት ለጉልበቱ ነው፤ እስከ ዛሬም የማዝነው ለእሱ ብቻ ነው።

ትንሣኤ አልፎ፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ፣ አባቴ ለደብሩ ጉዳይ ጎንደር መጣ። ዓርብ ነበር፤ ሃምሳው ስላልወጣ ዓርቡም ይበላበታል። ትምህርት ቤቴ በር ላይ መቋሚያውን ይዞ ቆሞ አገኘሁት።

"ያ ሱቅ የት ነው?" አለኝ።

ሐጂ ሲያዩን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አባቴ ነጭ ጥምጥሙን፣ እሳቸው ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ።

"ያስታወሷት እርስዎ ነዎት አሉ" አለ አባቴ።

"አስታውሻት ነበር። አልሰማችኝም እንጂ።"

"እኔንም አትሰማኝም" አለ። ሁለቱም በእኔ ላይ ሳቁ።

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ኩባያዋ በትልልቅ መዳፎቹ ውስጥ ጠፋች፤ ማንኪያዋን እንደ መርፌ በሁለት ጣቱ ያዛት። አማተበና ቀመሰ፤ ፊቱ አልተለወጠም። ሁለተኛውን ቀመሰ፤ ቅንድቡ ብድግ አለ። ሦስተኛውን ጎርሶ ዝም ብሎ አላመጠ፣ ኮኩን እንዳገኘው ከጉንጩ አወቅሁ። ማንኪያዋን ኩባያው ውስጥ አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ።

"እዚህ ላይ ነው?"

"እዚያ ላይ ነው።"

ትንሽ አሰበ። ሲያሰላ የሚሆነውን ሆነ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልነበረውም።

"እውነትሽን ነው" አለኝ በመጨረሻ። "እዚህ ላይ ማቆም ይከብዳል።"

ከዚያ እስከ ታቹ ጠርጎ በላው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን፣ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ መጀመሪያ በሰው ስልክ፣ ኋላ ደግሞ እኔ በገዛሁለት ስልክ ይደውልልኝ ነበር። እንኳን አደረሰሽ ከማለቱ በፊት፣ "ነነዌ በዚህ ቀን ትገባለች፤ ጻፊው" ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም፣ ሥራ ከያዝኩም፣ ወልጄ ከሳምኩም በኋላ አንድም ዓመት አላስታጎለም። ስልኬ ላይ አጽዋማቱን የሚያሳይ ነገር እንዳለኝ አልነገርኩትም። እያንዳንዱን ዓመት እንዳዲስ እየጻፍኩ፣ "ጻፍኩት አባዬ" እለዋለሁ። "አንብቢልኝ" ይላል። አነብለታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አረፈ። በዘንድሮው ቅዱስ ዮሐንስ ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ ዋልኩ። ብዙ ሰው ደወለ፣ ብዙ ሰው እንኳን አደረሰሽ አለኝ። ቀኑን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ወደ ማምሻው ላይ ወረቀት አውጥቼ በጣቶቼ አንጓ ልቆጥረው ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሦስተኛው ላይ መጣልኝ። ለእናቴ ደወልኩና ነነዌ የምትገባበትን ቀን ነገርኳት።

"ጻፍኩት" አለችኝ እናቴ። እናቴ መጻፍ አትችልም።

እና ባለፈው ማክሰኞ በዚያው ሱቅ ውስጥ ኮክ የተሳለባትን ኩባያ ይዤ ተቀመጥኩ። በርጩማዋ የለችም፤ የፕላስቲክ ወንበር ተተክቷል። ሐጂም የሉም፤ ሒሳብ የምትቀበለው የልጅ ልጃቸው ናት። ማንኪያውን አላቅቄ ቀመስኩ። የመጀመሪያው ጥርሴን አቀዘቀዘው። በሁለተኛው ስኳሩ መጣ። ሦስተኛው ላይ ኮኩ ምላሴ ላይ ወደቀ፤ እኔም ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ አቁሜ ቀና ብዬ ወደ ፊት ለፊቴ አየሁ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ቆምኩ። እዚህ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ልጅቷ ሳታየኝ አልቀረችም። "ምነው እትዬ፣ አልጣፈጠዎትም?" አለችኝ።

"ጣፍጦኛል" አልኳት።